ዝናቡ ካባራ፣ ውርጩ ሳይገባ፦ የደጋ ቤት እድሳትና ጽዳት ከጣራ እስከ ወለል

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላይ ቤት ለማደስ የሚመች ጊዜ አጭር ነው። ክረምቱ መስከረም ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የመንዝና የጣርማበር ከፍታዎች ከዚያም ይበልጣሉ። እርጥብ ጭቃ ውስጥ ያለ ውሃ ሌሊት ከረጋ ይሰፋል፤ ምርጊቱን ከውስጥ ያላቅቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው እየተፈረፈረ ይወርዳል።

ስለዚህ ጭቃና ኖራ የሚነካ ሥራ ከመስቀል በኋላ ባሉት ሦስት አራት ሳምንታት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርዱ መጠንከር የሚጀምረው ያኔ ስለሆነ ነው። ለአጥንቱም ለምርጊቱም ወሩ ያው ነው።

ብዙ ቤት ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ይሠራል። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ ወለሉ ይታጠባል፣ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ መጋረጃው ይቀየራል። ጣራው እንደ ቀዳዳ ነው፤ የግድግዳው ሥር እንደ ረጠበ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀለሙ ይላጣል፤ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ጥፋቱ በቀለሙ ይሳበባል። የደጋ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃውን ሳታቆሙ ማጽዳትም መቀባትም ገንዘብ ማባከን ነው። ተራው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ጣራ፣ ጠፈጠፍ፣ ግድግዳ፣ ከዚያ የቤቱ ውስጥ። ቀለም ከሁሉም በኋላ።

ጣራ፦ ቀዳዳውን ከውስጥ ፈልጉት

ጣራ ላይ ወጥቶ ቀዳዳ መፈለግ አድካሚ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አይገኝም። ከውስጥ ጀምሩ።

በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮቱን ዝጉና ቤቱን አጨልሙት። ኮርኒስ ካለ በመውጫው በኩል ገብታችሁ ከቆርቆሮው ሥር ተመልከቱ። ብርሃን የሚያስገባው ነጥብ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ወደ ላይ አሾልኩና ትታችሁት ውረዱ። ጣራው ላይ ስትወጡ ሽቦው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ይህን ያላደረገ ሰው ከላይ ሆኖ «እዚህ ጋ ነው? ትንሽ ወደ ግራ?» እያለ ከታች ካለው ጋር ሲጯጯህ ይውላል።

አንድ ነገር አስታውሱ። ውሃው ወለል ላይ የሚንጠባጠብበት ቦታና ጣራው የተቀደደበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ውሃ በቆርቆሮው የውስጥ ገጽና ቆርቆሮው በተመታበት እንጨት፣ በሞራሌው፣ እየተንሸራተተ ራቅ ብሎ ነው የሚወርደው። ከሚንጠባጠብበት ተነስታችሁ ወደ ጣራው አናት አቅጣጫ እርጥበቱን ወይም ቡናማ የውሃ መስመሩን ተከተሉት።

ጣራው ላይ ስትወጡ፦

ቆርቆሮው ደረቅ ይሁን። ጤዛው እስኪለቅ ጠብቁ፤ በዚህ አገር ይሄ እስከ ረፋድ ሊቆይ ይችላል። ወደ ቤቱ የሚገባውን የመብራት ገመድ አስቀድማችሁ እዩ፤ ሽፋኑ የተላጠ ከሆነ ወደዚያ አትቅረቡ፣ የመብራት ሠራተኛ ጥሩ። ስትራመዱ ሚስማሮቹ በተሰለፉበት መስመር ላይ ብቻ ርገጡ። ከሥሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነው። በሁለት ሞራሌ መሃል ከረገጣችሁ ቆርቆሮው ይጎብጣል፤ የጎበጠ ቦታ ደግሞ ውሃ ያቁራል። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ከታች ይቁም።

አብዛኛው ማፍሰስ የሚመጣው ከሚስማር ነው። ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያርገበግበው ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ላስቲክም በፀሐይ ይደርቃል። የተነሳውን በመዶሻ መልሶ መምታት ለአንድ ክረምት ብቻ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሰፍቷል። ሚስማሩን ንቀሉት። ከነላስቲኩ አዲስ፣ ትንሽ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ሚስማር ከአጠገቡ ምቱ። የድሮውን ቀዳዳ በካትራሜ፣ ማለት በጥቁሩ ሬንጅ፣ ድፈኑት። ሚስማር ሁልጊዜ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ላይ የተመታ ሚስማር ካያችሁ ያፈሰሰው እሱ ነው ብላችሁ ብትወራረዱ ትበላላችሁ።

ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጋችሁ ዝገቱን አውጡ፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ካትራሜ ቀቡ፤ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው አራት ጣት የሚተርፍ የጥጥ ጨርቅ ለጥፉበት፤ በላዩ ደግማችሁ ካትራሜ ቀቡ። ያለ ጨርቅ የተቀባ ካትራሜ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ዝገቱ ሰፍቶ ቆርቆሮው በጣት ሲጫኑት የሚለሰልስ ከሆነ ግን ጥገና አያዋጣም፤ ያቺን ቅጠል ቆርቆሮ ቀይሩ። ስትቀይሩ አዲሱ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ገብቶ፣ ከታችኛው ላይ መደረብ አለበት። ይሄን የሚገለብጥ ባለሙያም አለና ቆማችሁ እዩ።

አሸንዳ ካለ በዚያው ውስጡ የተጠራቀመውን ቅጠልና አፈር አውጡ። አጠገባችሁ ባህር ዛፍ ካለ ይሄ የየዓመት ሥራ ነው።

ጠፈጠፍና ቦይ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣራችሁ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ውሃ ግድግዳችሁ ሥር ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ብዙ ቤት መልስ የለውም። እዚያው ይሰርጋል፤ ከዚያ በግድግዳው ወደ ላይ ይወጣል።

ከጠፈጠፉ ሥር ያለውን መሬት እዩ። ጎድጎድ ብሎ ከሆነ ሙሉት። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ፤ በአንድ ሜትር ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ውሃው በሚያርፍበት መስመር ላይ ጠጠርና ድንጋይ ደልድሉ። ድንጋይ በሰሜን ሸዋ አይጠፋም። ድንጋዩ የጭቃ ፍንጣሪው ግድግዳ ላይ እንዳይረጭ ያደርጋል፤ የግድግዳ ሥር የሚበላው በዚያ ፍንጣሪ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ውሃውን ከግቢ የሚያወጣ ቦይ ይኑር፤ ወደ ጎረቤት ግን አይሁን። በዚህ ስንት ሰው ተካሷል።

ግድግዳው ላይ ተደግፎ የተከመረ እንጨት፣ ኩበት፣ ሣር ካለ አንሱት። እርጥበት ያፍናል፤ አይጥም ይጠራል።

ግድግዳ፦ ስንጥቁን ከመድፈን በፊት ጠይቁት

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ምርጊቱ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን፣ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ አያሳስብም፤ ጭቃው ሲደርቅ የመጣ ነው። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ በበጋ የሚከፍትና በክረምት የሚገጥም ስንጥቅ ግን ከመሬቱ ነው። የደጋው ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም ይዞት ይወዛወዛል። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከሁለት ወር በኋላ ምልክቱን ካለፈ፣ ወይም ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ግንበኛ ይየው። በራሳችሁ ሲሚንቶ አትጠቅጥቁበት።

ስለ ሲሚንቶ ካነሳን አይቀር፦ የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን ቤቱን ያዘምናል የሚል እምነት አለ። አልስማማም። ጭቃ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ያንን መተንፈሻ ይዘጋዋል። ከመሬት የወጣው ውሃ በሲሚንቶውና በጭቃው መሃል ይታፈናል፤ ማገሩና ቋሚው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ልስኑም ከጥቂት ዓመት በኋላ በትልልቁ ተገንጥሎ ይወድቃል። ለጭቃ ቤት ጭቃና ኖራ ይሻሉታል። ርካሽም ናቸው።

የምርጊት ጥገና አካሄድ ይሄ ነው፦

1. የላላውን ሁሉ በመሮ ወይም በቢላ አንሱ። ግድግዳውን በእጅ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ለቋል ማለት ነው።

2. ጭቃውን አቡኩ። ጥሩው ቀላ ያለ አፈር ነው፤ ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። አፈሩን ከጠጠር አጥሩ፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅላችሁ በውሃ እርገጡት። ለጥቂት ቀናት ይቡካ፤ በየቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ አገላብጡት። ሽታው ሲለወጥና ጭዱ ሲለሰልስ ደርሷል። ሽታው ከደረቀ በኋላ ይጠፋል።

3. ሞክሩት። መዳፍ የምታህል ጭቃ ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ እስክትደርቅ ጠብቁ። ከተሰነጣጠቀች ጭድ ወይም አሸዋ ጨምሩ። በጣት ስትነካ ዱቄት ከሆነች አፈሩ አሸዋ በዝቶበታልና የሚያጣብቅ አፈር ጨምሩ።

4. የሚጠገነውን ቦታ ውሃ እርጩበት። ደረቅ ግድግዳ ከአዲሱ ጭቃ ውሃውን ይመጠዋል፤ ሳይያያዝ ይቀራል። ጭቃውን በጉልበት ወርውራችሁ በመዳፍ ጫኑት። ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዙር ይሁን።

5. ሲደርቅ የሚወጡትን ቀጫጭን ስንጥቆች በተጣራ አፈርና በእበት ልስን ዝጉ። ጠዋት ተጀምሮ ቀን ፀሐይ እንዲያገኘው አድርጉ። ማታ ብርዱ ካስፈራ በኬሻ ሸፍኑት።

ሻጋታና ኖራ

ከአልጋ ጀርባና ከቁም ሣጥን ኋላ ያለው ግድግዳ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አየር ስለማያገኝ ነው። ዕቃውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ፤ ይሄ ብቻውን ግማሹን ይፈታዋል።

በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሆነ በሳሙና ውሃ ፈትጉት፣ አድርቁት። ደረቅ ሻጋታ በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ ብናኙ ቤቱን ሁሉ ይዞራል። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ባይኖር ጥሩ ነው። ጭቃ ወይም ኖራ ግድግዳ ከሆነ ግን በረኪና ብዙም አይረዳም፤ ላዩን ያነጣዋል እንጂ ውስጥ አይገባም፤ ያፈሰሳችሁት ውሃ ግን ይገባል። ውሃ ነክራችሁ በመሮ ፋቁት፣ ይድረቅ፣ ኖራ ቀቡት። ኖራ ላይ ሻጋታ በቀላሉ አይበቅልም።

ኖራ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ችኮላ ብቻ አይወድም። ባልዲ ውስጥ መጀመሪያ ውሃ አድርጉ፤ ዱቄቱን ኖራ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና አማስሉ። ያልበረደ፣ ድንጋይ የሆነ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ያንን ለለመደ ሰው ተዉት። የተበጠበጠው አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ በነጠላ ቁራጭ አጥልሉት፤ አንድ እፍኝ ጨው በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ውፍረቱ ወተት ይመስላል። ወፍራም ኖራ ይላጣል፤ የሁሉም ስህተት እዚህ ላይ ነው።

ግድግዳውን አርጥባችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። መጀመሪያ ምንም የቀባችሁ አይመስልም፤ ውሃ የፈሰሰበት ግድግዳ ነው የሚመስለው። አትደናገጡ፣ አትደራርቡ። ሲደርቅ ይነጣል። በማግስቱ ሁለተኛ፣ ካስፈለገ ሦስተኛ ዙር። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ኖራ ዓይን ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ

ኮርኒሱ ላይ ወይም ቁም ሣጥን ሥር የአይጥ ኩስ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉት። አንድ ጣሳ በረኪና ለዘጠኝ ጣሳ ውሃ በጥብጡ፤ እርጩበት፤ አምስት ደቂቃ ይቆይ፤ በወረቀት ወይም በማይፈለግ ጨርቅ አንሱት። የአይጧን መግቢያ ሳትዘጉ ማጽዳት ግን ዋጋ የለውም። የሽቦ መፈተጊያ በቀዳዳው ጠቅጥቁና በጭቃ ምረጉት፤ ሽቦ አትበላም።

ጥላሸት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ጽዳቱም ከላይ ነው። ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ አስራችሁ ጣራውንና ጥጋጥጉን በደረቁ አውርዱ። ጥላሸት ውሃ ከነካው ይቀባባል፤ መጀመሪያ ደረቁን፣ ቀጥሎ የሳሙናውን።

ወለሉ ሊሾ ከሆነ ትጠርጉታላችሁ፣ በኦሞ ታጥቡታላችሁ፣ ትወለውሉታላችሁ፤ ብዙ ወሬ የለውም። የአፈር ወለል ግን ሥራ አለው። ቁንጫ የሚራባው በስንጥቆቹ ውስጥ ባለው አቧራ ነው። ውሃ ረጭታችሁ ጥረጉ፤ ስንጥቁን በጭቃ ዝጉ፤ ከዚያ በትኩስ እበት ለቅልቁት። ልቅለቃው የቁንጫዋን መደበቂያ ይዘጋል፣ አቧራውንም ያስራል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት እስኪደርቅ አያስገቧቸው፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው አውጡት። እርጥብ ወለል ላይ ሲሰነብት ይበሰብሳል፤ ያቺ የበዓል ሽታ ወደ ሌላ ትለወጣለች።

በረኪናን በሚመለከት አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም። መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ሽንት የተጠራቀመበት ቦታ ላይ ከመድፋታችሁ በፊትም በብዙ ውሃ አጥቡ። «ሁለቱን ብቀላቅል የበለጠ ያጸዳል» የሚለው ሐሳብ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። በሙቅ ውሃም አይበጠበጥም። የተበጠበጠውን ለነገ አታሳድሩ፤ ጉልበቱ ይጠፋል።

ማድ ቤት

አመድ ቅባት ያነሳል፤ ውስጡ ያለው ጨው መሰል ነገር ከቅባት ጋር ሳሙና ይሠራልና። በወንፊት የተነፋ አመድ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ትንሽ ጉልበት፤ የብረት ድስት ጥቁር ቂጥ ይለቃል። የአሉሚኒየም ድስት ላይ ግን አሳድራችሁ አትተዉት፤ ያጠቁረዋል። ፈትጋችሁ ቶሎ አለቅልቁት። የማይጣበቅ መጥበሻ ላይ ጭራሽ አይሞከርም።

እንዶድ ያላችሁ ነጠላና ጋቢ እጠቡበት፤ አረፋውም ንጣቱም ጥሩ ነው። እጥበቱን ግን ከወንዝ ራቅ ብላችሁ አድርጉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፦ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን ለመቆጣጠር የዋለው ዕውቀት ከዚያ ተነሳ። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር አካባቢ ነው። ቴሌቪዥን በሚሰካበት ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ሲሰካ ገመዱ ይግላል፤ ሶኬቱ ይቀልጣል። እንጀራ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ሶኬቱን በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ከሞቀ ችግር አለ፣ ባለሙያ ይቀይረው። ምጣዱን ስታጸዱ ከሶኬት ንቀሉ፣ ይብረድ፣ በማሰሻ ብቻ ጥረጉ። ውሃ አይፈስበትም።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ የሁለት ሎሚ ጭማቂ በውሃ አፍሉና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ይለቃል።

የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ካላችሁ በዓመት አንዴ ባዶ አድርጉት፤ ውስጡን በብሩሽና በንጹሕ ውሃ ፈትጉት። ሞልታችሁ ለየ1,000 ሊትሩ አንድ ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ፤ ይደር። በማግስቱ ድፉት፣ አለቅልቁት፣ ከዚያ ለመጠጥ ሙሉት። ያደረውን ውሃ አትጠጡት፤ አትክልትም አታጠጡበት።

ባና፣ ብርድ ልብስና አልጋ

የመንዝ ባና ወይም ዝተት ያለው ሰው ሀብቱን ብል እየበላበት መሆኑን የሚያውቀው ብርዱ ሲመጣ ነው። ብል ጨለማና ዝምታ ይወዳል። በጠራራ ፀሐይ አውጥታችሁ ገመድ ላይ ስቀሉት፤ በእንጨት ምቱት፤ ገልብጣችሁ ድገሙት። እጥፋቱንና ጠርዙን እያያችሁ በብሩሽ ጥረጉ፤ እንቁላሉ ያለው እዚያ ነው። ማጠብ ካስፈለገ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ነው። ፈልቶ የታጠበ ሱፍ ተኮማትሮ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። አትጠምዝዙት፤ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አውጡና ጥላ ላይ አንጥፉት።

ትኋን ሌላ ጉዳይ ነው። ፀሐይ ብቻ አትበቃም። የሚገድላት ሙቀት ነው። አንሶላና ሽፋኑን በጣም በሞቀ ውሃ እጠቡ፤ 60 ዲግሪ ቢደርስ ጥሩ ነው። የእንጨት አልጋውን ፈታታችሁ በመጋጠሚያዎቹ የፈላ ውሃ አፍስሱ። የፍራሹን ስፌት በትኩስ ካውያ እለፉበት። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም ድገሙት፤ እንቁላሉ ይፈለፈላልና። ለእህል ወይም ለእርሻ የተገዛ መድኃኒት መኝታ ቤት አይገባም፤ ጋዝና ቤንዚንም አልጋ ላይ አይረጭም።

በር፣ ቁልፍ፣ ቧንቧ

በሩ በክረምት አብጦ አልዘጋ ካለ ለመላግ አትቸኩሉ። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ይገባል፤ የተላገ በር በበጋ ንፋስ ያስገባል። ለጊዜው የሚነካካውን ጠርዝ በሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና እሹት።

የጠነከረ ቁልፍ ላይ የምግብ ዘይት አይፈስም፤ አቧራ ሰብስቦ ይደፍነዋል። የእርሳስ ዱቄት ቁልፉ ላይ ቀብታችሁ ደጋግማችሁ አዙሩ።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሲሆን ዋናውን ውሃ ዝጉ፣ አናቱን ፍቱ፣ ውስጡ ያለውን ያለቀ ጎሚኒ (ውሃ የሚዘጋውን ላስቲክ) ይዛችሁ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሂዱ። በቃል ከመግለጽ ማሳየት ይቀላል። ስትገጥሙት በጉልበት አታጥብቁት፤ ጎሚኒውን የሚጨርሰው መጨፍለቁ ነው።

ከሰል

ይሄን ጽዳት አይደለም ብላችሁ አትዝለሉት። ቤቱን ጠግናችሁ፣ ቀዳዳውን ደፍናችሁ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ዘግታችሁ ስትጨርሱ ቤቱ ታሽጓል። በዚያ ቤት ውስጥ ማታ ከሰል ይገባል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። «ውጭ አቀጣጥዬ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» የሚለው ማስተማመኛ አይሆንም፤ የቀላ ፍምም ጋዙን ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ ከተሰማ ወዲያው ወደ ውጭ ነው።

ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ መስኮት ገርበብ ይበል። ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙ ከቤት ይውጣ፤ በረንዳ ላይም ቢሆን በር ሥር አይቀመጥ። ሌሊቱን ለመሞቅ ትኩስ ውሃ በላስቲክ ከረጢት ወይም በወፍራም ጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ።

ቆላ ላላችሁ

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ምንጃር በኩል ያላችሁ ስለ ውርጩ ያወራሁትን እለፉት። የእናንተ ጣጣ ምስጥና ትንኝ ነው። በግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ፍቃችሁ ጣሉት፤ ከየት እንደተነሳ ተከተሉት። ቋሚ እንጨት አፈር ሳይነካ ድንጋይ ላይ ቢቆም ምስጥ መንገዷን ደብቃ አትወጣም። ለወባ ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ዋናው ጊዜ ነው፤ በግቢው ውስጥ ውሃ ያቆረ ጎማ፣ ጣሳና ጉድጓድ ድፉ፣ አጎበሩን ጠግኑ። የተቀደደ አጎበር በመርፌና በክር በአሥር ደቂቃ ይሰፋል።

የኅዳር 12 ክምር

በጽዳቱ የወጣው ሁሉ ኅዳር ሲታጠን ይጠበቅለታል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከተነሳው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችንንም አልማረም። ቆሻሻው በሚካኤል ቀን ይቃጠላል፣ ሰፈሩ በጭስ ይሞላል።

ክምሩን ግን ቀድማችሁ ለዩት። ቅጠል፣ ገለባ፣ የበሰበሰ እንጨት ይቃጠል። አመዱ ለማድ ቤቱና ለጓሮው ጎመን ይሆናል፤ ፕላስቲክ የነደደበት አመድ ግን ለሁለቱም አይሆንም። ፌስታል፣ የጫማ ሶልና የቀለም ጣሳ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይሂዱ። ካትራሜ የነካ ጨርቅም እንዲሁ። የባትሪ ድንጋይና የተባይ መርጫ ቆርቆሮ እሳት ውስጥ ይፈነዳሉ፤ በተለይ ክምሩን ልጆች ሲከቡት ይሄን ሳታዩ አትለኩሱ። እሳቱንም ከጭድ ክምርና ከአጥር ራቅ አድርጉት። አጠገቡ አንድ ባልዲ ውሃ ይቀመጥ።